28፣ 35 ወይስ 50? ለመንገድ ላይ ፎቶ ሌንስና ካሜራ ስለመምረጥ በኢንተርኔት የውይይት መድረክ የተከፈተ ክር

መክፈቻው ጽሑፍ። ጠያቂው በእጁ ያለው ባለ 24 ሜጋፒክስል የኤፒኤስ-ሲ ካሜራ (ሴንሰሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ከፉል ፍሬም ያነሰ) እና አብሮት የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ዙም ነው። ማንሳት የሚፈልገው ሰው ሳይዘጋጅ፣ በአካሄዱና በወጉ መሃል ነው። የጠየቀው ሁለት ነገር ነበር፦ በፉል ፍሬም (36 በ24 ሚሊሜትር ሴንሰር) ልኬት 28፣ 35 እና 50 ከሚባሉት ቋሚ (ዙም የሌላቸው፣ ቁጥራቸው ሲያንስ እይታቸው የሚሰፋ) ሌንሶች የትኛውን ይግዛ? ወይስ ያለውን ሁሉ ሸጦ ሌንሱ የማይነቀል ትንሽ ካሜራ ይያዝ? ከጥያቄው ጋር አንድ ሐሳብ ጣል አድርጓል፤ ላለመታየት 85 እና ከዚያ በላይ ይዞ ከሩቅ መቆም ይሻላል የሚል። ክሩን ያስረዘመው ከጥያቄው ይልቅ ይህ ሐሳብ ነው።

ምላሽ 1። ጠያቂውን «እርስዎ» እያለ በጨዋነት የጻፈ ሰው፣ ከሌንሱ በፊት የሚወሰነው ከሰው የሚቆሙበት ርቀት መሆኑን አስረዳ። የቆመ ሰው ሙሉ ቁመት ከላይና ከታች ትንሽ ትርፍ ተጨምሮበት 2 ሜትር ቢባልና ካሜራው በአግድም ቢያዝ፣ በ28 ከ2.3 ሜትር፣ በ35 ከ2.9፣ በ50 ከ4.2፣ በ85 ደግሞ ከ7.1 ሜትር መቆም ያስፈልጋል። ሰው በሚበዛበት የእግረኛ መንገድ በ7 ሜትር ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያልፍ ያስቡ ይላል፤ ላለመታየት የራቀው ፎቶ አንሺ ይዞ የሚመለሰው የሌሎችን ትከሻ ነው። በተጨማሪም ረጅም ሌንስ ወደ ሰው የተቀሰረ ቱቦ ስለሚመስል ከሩቅም ይለያል። በእኔ ዳኝነት ከክሩ ሁሉ ፍሬ ያለው ይህ ነው፤ የቀሩት ብዙዎቹ እሱን ያሟሉታል ወይም ይዞሩታል።

ምላሽ 2። በ1ኛው ተስማምቶ ለ28 ማስጠንቀቂያ ጨመረ። ከ1.5 ሜትር በታች ሲቀርቡ በፍሬሙ ዳር ያለ ጭንቅላት ወደ ማዕዘኑ ይሳባል፣ የቀረበ እጅም ከፊት ይልቃል። ስለዚህ ፊትን ከማዕዘን ማራቅ፣ ካሜራውንም ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብሉ ቀጥ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። በ50 ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም፤ ግን ከኋላ ያለው ሰፈር አብሮ አይገባም።

ምላሽ 3። ምንም ከመግዛት በፊት በዙሙ መፈተን ይቻላል ባይ ነው። በኤፒኤስ-ሲ 18 ሚሊሜትር የ28ን፣ 23 የ35ን፣ 35 ደግሞ የ50ን ያህል ያያል (የሌንሱን ቁጥር ወደ ፉል ፍሬም ልኬት የሚቀይረው አባዣ 1.5 ነው፤ በካኖን ኤፒኤስ-ሲ 1.6፣ ሴንሰሩ ከዚያም በሚያንሰው በማይክሮ ፎር ሰርድስ 2)። የዙሙን ቀለበት 23 ላይ አድርጎ በወረቀት ፕላስተር ማሸግና ለጥቂት ሳምንት ሳይነኩ መሥራት፣ ከዚያ 18 ላይ፣ ከዚያ 35 ላይ። ፋይሎቹ ሲከፈቱ ሁልጊዜ ዳሩ እየተቆረጠ ከሆነ ሌንሱ ሰፍቷል፤ እግር ወይም ራስ እየተቆረጠ ከሆነ ጠቧል። የዙሙ ትልቁ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ከኤፍ 3.5 እስከ 5.6 መሆኑ በቀን ችግር አይደለም፤ በቀን ለማንኛውም በኤፍ 8 ነው የሚሠራው።

ምላሽ 4 እና 5 የታዋቂ ፎቶ አንሺዎች ስም ጥሪ ናቸው። 4ኛው ካርቲዬ-ብረሶን ዕድሜውን ሙሉ ማለት ይቻላል በ50 መሥራቱን አንሥቶ ጉዳዩን ሊዘጋ ሞከረ። 5ኛው ጋሪ ዊኖግራንድ 28፣ አሌክስ ዌብ 35፣ ሶል ላይተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ረጅም ሌንስ መያዛቸውን ቆጥሮ አፍ አፉን አለው። እንዲህ ያለ ክርክር ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ታላቅ ሰው አይጠፋም።

ምላሽ 6። ከስም ጥሪው ይልቅ ይህ አንድ ነገር ያስጨብጣል። በ1954 የወጣው ላይካ ኤም 3 ካሜራ በመመልከቻው ውስጥ ያሳይ የነበረው የ50፣ የ90 እና የ135 መሥመር (የፍሬሙን ዳር የሚያመለክት) ብቻ ነበር፤ የ35 መሥመር የመጣው በ1957 በኤም 2 ነው። ከዚያ በፊት በ35 የሚሠራ ሰው ተጨማሪ መመልከቻ ይደርብ ነበር። ስለዚህ የድሮ ሰዎች የሌንስ ምርጫ ግማሹ የካሜራው ምርጫ ነው ይላል መላሹ። የመሥመር መመልከቻ ጥቅሙንም አስታወሰ፦ ከፍሬሙ ውጭ ያለው ስለሚታይ፣ ሰውዬው ወደ ፍሬሙ ከመግባቱ በፊት መምጣቱ ይታወቃል።

ምላሽ 7። የክሩ ረጅሙ፣ የፎከሱን ነገር የያዘ። አውቶፎከስ ፊት እስኪፈልግ ድረስ ቅጽበቱ ካለፈ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ስለዚህ ፎከሱን አስቀድሞ መቆለፍ ይሻላል። አካሄዱ እንዲህ ነው። ካሜራውን ወደ ማኑዋል ፎከስ መቀየር። አፐርቸሩን ኤፍ 8 ላይ ማስቀመጥ። ሌንሱን 2.5 ሜትር ላይ መቆለፍ። ከዚያ ፎከሱን መርሳት፤ ርቀቱን በእግር ማስተካከል ነው። በኤፒኤስ-ሲ 23 ሚሊሜትር ይህ ከ1.4 እስከ 10 ሜትር ያለውን ሁሉ ጥርት ያደርጋል። 2 ሜትር ላይ ከተቆለፈ ከ1.25 እስከ 5 ሜትር ይሆናል፤ መላሹ ለጠባብ መንገድ የሚመርጠው ይህን ነው። በ18 ሚሊሜትር 2 ሜትር ላይ ቢቆለፍ ከ1 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ሁሉም ይገባል። በ35 ሚሊሜትር ግን 3 ሜትር ላይ ቢቆለፍ የሚገኘው ከ2.2 እስከ 4.9 ብቻ ነው። ሌንሱ በረዘመ ቁጥር መቆለፉ ጥቅሙ የሚያልቀው ለዚህ ነው፤ በ85 አይሞከርም። ሲመሽ አፐርቸሩ ወደ ኤፍ 2 ሲከፈት 2.5 ሜትር ላይ የተቆለፈ 23 ሚሊሜትር ከ2.1 እስከ 3.1 ሜትር ብቻ ይይዛል። አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ናት፣ በዓይን ግምት ለመምታት ከባድ፤ ማታ ወደ አውቶፎከስ መመለስ ነው።

ምላሽ 8። እዚህ ላይ አነጋገሩ ተለወጠ፤ «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» መጣ። 8ኛው የ7ኛውን ቁጥሮች የድሮ ሠንጠረዥ ብሎ አጣጣላቸው። ቁጥሮቹ የተሰሉት 0.02 ሚሊሜትር የሚያህል የደበዘዘ ነጥብ እንደ ጥርት ተቆጥሮ ነው፤ ባለ 24 ሜጋፒክስል ሴንሰር ላይ ያ ነጥብ 5 ፒክስል ይሸፍናል። መለኪያው ወደ 0.01 ሲጠብቅ 23 ሚሊሜትር በኤፍ 8፣ በ2.5 ሜትር የሚይዘው ከ1.8 እስከ 4 ሜትር ነው። ሰው በ1.4 ሜትር ቆሞ ጥርት ይላል ብሎ ለጀማሪ መናገር ማሳሳት ነው ሲል ደመደመ።

ምላሽ 9። 7ኛው ተመልሶ፣ የመንገድ ፎቶ በስልክና በመጽሐፍ ገጽ እንጂ በ100 በመቶ አጉልቶ እንደማይታይ መለሰ። ምላሹ ትንሽ ንዴት አለበት።

ምላሽ 10። ያስታረቀው ይህ ነው፣ በአንድ አንቀጽ። ሁለቱም ሂሳቦች ልክ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሕትመቱ መጠን ነው። ርቀት የተጻፈበት ሌንስ ላይ ያሉትን የጥልቀት መሥመሮች (ጥርት የሚለው ከየት እስከ የት እንደሆነ የሚያሳዩትን) የሚጠቀም ሰው በኤፍ 8 እያነሳ የኤፍ 4ን መሥመር ቢያነብ የ8ኛውን ጥብቅ ልክ ያገኛል። ሳይሰላ የሚያዝ ዘዴ ነውና ይህን ምላሽ ለብቻው ማስቀመጥ ይገባል።

ምላሽ 11 ለምን ኤፍ 16 አይደረግም ብሎ ጠየቀ፤ 12ኛው ባጭሩ መለሰለት። በኤፍ 16 ብርሃን በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ራሱ ተበትኖ 0.02 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ነጥብ ይሠራል። ጥልቀቱ ሰፍቶ ጥራቱ ከሁሉም ቦታ ይወርዳል፤ በዚያ ላይ ሁለት ስቶፕ (እያንዳንዱ ብርሃኑን በግማሽ የሚቀንስ) ብርሃን ይጠፋል፣ ያም የሚከፈለው ከሸተር (ብርሃን ለአፍታ የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት ወይም ከአይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ካለው ትብነት) ነው።

ምላሽ 13። የማኑዋል ፎከስ ወጥመድን አነሣ፤ ከ7ኛው የቀረውም ይህ ነበር። በአብዛኞቹ አዳዲስ ሌንሶች የፎከስ ቀለበቱ ከመስተዋቱ ጋር በብረት አልተያያዘም፤ ሞተር ነው የሚያዘው። ካሜራው ሲጠፋ ወይም ኃይል ለመቆጠብ ሲተኛ አንዳንዱ ሌንስ የነበረበትን ርቀት ይረሳል፤ ተጠቃሚው ሳያውቅ 2.5 የነበረው ሌላ ቦታ ይገኛል። መፍትሔው የመተኛ ሰዓቱን ማራዘም ወይም ማጥፋት፣ ካሜራው በተከፈተ ቁጥር በግምት 2.5 ሜትር ላይ ባለ ነገር (በበር መቃን፣ በምሰሶ) ላይ ከኋላ ባለው ቁልፍ አውቶፎከስ አድርጎ ማኑዋል ላይ መተው ነው። ሞተር ቢኖረውም ቀለበቱ ወደ ኋላ ሲሳብ ርቀት የተጻፈበት ሚዛን የሚያወጣ ሌንስ አለ፦ የፉጂፊልም 14 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8፣ 16 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 እና የቀድሞው 23 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4፤ የኦሊምፐስ 12 ሚሊሜትር ኤፍ 2 እና 17 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8። አዲሱ የፉጂፊልም 23 ኤፍ 1.4 ይህ ቀርቶበታል፤ ሲገዛ ማየት ነው።

ምላሽ 14። ስለ ፎከስ ይህን ያህል ሲወራ ፎቶ የሚያበላሸው በብዛት የሸተር ፍጥነት መሆኑ ተዘንግቷል ብሎ ገባ፣ ልክም ነው። ሰው በሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል ይራመዳል። በ2.5 ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ሲያቋርጥ በ23 ሚሊሜትር ሌንስ ምስሉ በሴንሰሩ ላይ በሰከንድ 13 ሚሊሜትር ይሮጣል። በ1/125 ሰከንድ ይህ 27 ፒክስል፣ በ1/250 13፣ በ1/500 7 ገደማ፣ በ1/1000 ከ3 ብዙም የማይበልጥ ፒክስል መደብዘዝ ነው። የሚወዛወዘው እግር ከአካሉ ስለሚፈጥን ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ ለሚያቋርጥ 1/500 ዝቅተኛው ነው፤ ወደ ካሜራው ለሚመጣ ሰው 1/250 ይበቃል። የሴንሰር ማረጋጊያ የእጅን መንቀጥቀጥ እንጂ የሰውን መራመድ አያቆምም፤ ለዚህ ሥራ ብሎ ለማረጋጊያ ገንዘብ መጨመር ብዙ ትርጉም የለውም።

ምላሽ 15። የ14ኛውን ቁጥር ወደ ካሜራው ቅንብር አወረደው፦ ማኑዋል ሞድ፣ ኤፍ 8፣ 1/500፣ አይኤስኦ አውቶ ሆኖ ጣሪያው 6400፣ የብርሃን ማካካሻ ሲቀነስ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ። በጠራ ፀሐይ አይኤስኦው (ማካካሻው ሳይታሰብ) 125 አካባቢ ይሆናል፤ የሕንፃ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ወደ 1000 ይወጣል። የካሜራው ዝቅተኛ አይኤስኦ 160 ወይም 200 ከሆነ በፀሐይ ሸተሩን ወደ 1/800 ማሳደግ ነው፤ አለዚያ ነጭ ልብስ ይቃጠላል (ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ይሆናል)። ማታ ኤፍ 2፣ 1/125 እና 3200 ወይም 6400። ጥላና ፀሐይ በሚፈራረቅበት መንገድ ማካካሻውን መቀነስ ይጠቅማል፤ ከሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር ካስቀመጠው) ጨለማን ማንሣት ይቻላል፣ የተቃጠለን ግን አይቻልም።

ምላሽ 16 ጉዳዩን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ መለሰው። ሌንሳቸው ከማይነቀሉት ሁለቱን አነጻጽሯል። በ2019 ለገበያ የወጣው ሪኮ ጂአር 3 ከነባትሪውና ካርዱ 257 ግራም ነው፤ ሌንሱ 18.3 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8፣ እይታው የ28። የ2021ዱ ጂአር 3ኤክስ በ26.1 ሚሊሜትር የ40 እይታ ይሰጣል። ትልቁ ጥቅሙ ስናፕ ፎከስ ነው፦ 1፣ 1.5፣ 2፣ 2.5፣ 5 ሜትር ወይም አድማስ ተብሎ ቀድሞ ይመረጣል፤ የሸተሩ ቁልፍ ግማሹ ላይ ሳይቆም እስከ ታች ሲጫን ካሜራው ምንም ሳይፈልግ በዚያ ርቀት ያነሳል፣ ግማሽ ሲጫን ደግሞ እንደ ወትሮው አውቶፎከስ ይሠራል። በ13 የተነሣው ችግር እዚህ የለም። የ2024ቱ ፉጂፊልም ኤክስ100ቪአይ በሌላ ወገን 521 ግራም፣ 40 ሜጋፒክስል፣ 23 ሚሊሜትር ኤፍ 2 ነው፤ መመልከቻው የመስተዋትም የኤሌክትሮኒክም ይሆናል፣ 6ኛው የወደደው ከፍሬም ውጭ የማየት ጥቅም እዚህ አለ።

ምላሽ 17። 16ኛው የጂአርን ጉድለት ዘለለ ብሎ ተቆጣ። መመልከቻ የለውም፤ በጠራራ ፀሐይ ስክሪኑን ማንበብ ያስቸግራል። አንድ ባትሪ በአምራቹ መለኪያ 200 ፎቶ ነው፤ ሁለት ትርፍ ሳይዙ መውጣት አይቻልም። አካሉ ከአቧራ አልታሸገም፤ ሌንሱ በወጣና በገባ ቁጥር አቧራ ሊስብ ይችላል፣ ሌንሱ ስለማይነቀል ደግሞ ሴንሰሩን ለማጽዳት ካሜራውን መፍታት ይጠይቃል። ፍላሽም አብሮት አልተሠራም። ቁጣው ቢበዛም የዘረዘረው ሁሉ እውነት ነው፤ ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር የሚያስቀምጠው ሰው በተለይ ልብ ይበል።

ምላሽ 18። ሁለቱም ካሜራዎች የሌንስ ውስጥ ሸተር እንዳላቸው አስታወሰ። ድምፁ ሰው በማይሰማው ልክ ዝቅ ያለ ነው፤ ፍላሽም በከፍተኛ ፍጥነት አብሮት ይሠራል። በሴንሰሩ ፊት ሸተር ያላቸው ካሜራዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ1/180 እስከ 1/250 ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ በቀን ፍላሽ ለሚፈልግ ሰው ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ምላሽ 19 ለዚህ ሁሉ ወጪ ምን አስፈለገ፣ የጠያቂው ካሜራ ኤሌክትሮኒክ ሸተር ካለው ድምፅ አልባ ነው አለ። 20ኛው ወዲያው አረመው። ኤሌክትሮኒክ ሸተር ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች መሥመር በመሥመር ያነባል። የሚራመድ ሰው ዘንበል ማለቱ እምብዛም አይታይም፤ በቅርብ የሚያልፍ መኪናና የብስክሌት ጎማ ግን ይጣመማል። የባሰው መብራቱ ነው። ባለ 50 ኸርዝ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል ይከስማል፣ ባለ 60ው 120 ጊዜ። በ1/500 ኤሌክትሮኒክ ሸተር በሱቅ መብራት ሥር ሲነሳ ፊት ላይ ጥቁርና ነጭ ጭረት ይሠራል። ፍጥነቱን ወደ 1/100 ወይም 1/120 ማውረድ ጭረቱን ያጠፋዋል፤ ግን 14ኛው ያለው መደብዘዝ ይመለሳል። ቤት ውስጥ ሜካኒካል ሸተር፣ ውጭ በፀሐይ ኤሌክትሮኒኩ የሚል ነው ፍርዱ።

ምላሽ 21። ሰው የሚያነቃው ድምፅ ብቻ አይደለም ብሎ ሊጠፉ የሚገባቸውን ቆጠረ፦ የፎከስ ማገዣ መብራት (ፊት ላይ የሚበራው ቀይ ወይም ብርቱካናማ)፣ የፎከስ ጩኸት፣ ከማንሳት በኋላ በስክሪኑ ላይ የሚቀረው ምስል። የሌንሱን መከለያ አጭሩን መጠቀም፣ ማንገቻውንም ከአንገት ይልቅ በእጅ አንጓ መያዝ። ለአዲስ ገዢ ከሌንስ ምርጫ በፊት የሚሠራ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ይህ ነው።

ከ22 እስከ 25 ክሩ ከመንገዱ ወጣ። 22ኛው ሳያስፈቅዱ ማንሳት ነውር ነው ብሎ ጀመረ፤ 23ኛው በአደባባይ ያለ ሰው ማንም ያየዋል ብሎ መለሰ፤ ነገሩ ተካረረ፣ ስድብም ተቀላቀለ። ጠቃሚ ነገር ያመጣው 24ኛው ነው፦ ማንሳትና ማሠራጨት በሕግ የተለያዩ ናቸው። የጀርመን የ1907 ሕግ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ማሠራጨትንና በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል፣ ሰውዬው የቦታው ተጨማሪ ሆኖ ብቻ ሲታይ ግን ይፈቅዳል። ከ2014 ጀምሮ የሚሠራው የሃንጋሪ የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ ለማንሳቱም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለብዙ ሰው ስብስብ የተለየ አንቀጽ አለው። የሚያነሱበትን አገር ሕግ ቀድሞ ማንበብ ነው። 25ኛው ሁለቱን ተሳዳቢዎች ገሥጾ ወደ ሌንሱ እንዲመለሱ ጠየቀ።

ምላሽ 26። ጠያቂው ተመለሰ። በ3ኛው ምክር 23 ላይ ሊሞክር መወሰኑን፣ ካሜራውንም እንደማይሸጥ ጻፈ። የቀረው ጥያቄ ከሌላ ካሜራ የተረፈ፣ ርቀት የተጻፈበት የድሮ ማኑዋል ሌንስ በአዳፕተር (ሌንሱን ከካሜራው በሚያገናኝ ቀለበት) ቢገጥም እንደ 7ኛው መቆለፍ ይችል እንደሆነ ነበር።

ምላሽ 27። ይችላል፣ ግን ሚዛኑን ሳያምን። ርካሽ አዳፕተሮች ሌንሱ እስከ አድማስ መድረሱ እንዳይቀር ሲባል ሆን ተብሎ በመጠኑ ያጥራሉ። ማጠሩ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ቢሆን፣ 23 ሚሊሜትር ሌንስ ሚዛኑ 2.5 ሜትር እያለ በእውነት ያለው 4.7 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቀርቦ የቆመ ሰው ይደበዝዛል፣ ጥፋቱም በግምት ላይ ይላከካል። መፈተኛው ቀላል ነው። ካሜራውን በትሪፖድ አቁሞ የጋዜጣ ገጽ ግድግዳ ላይ መለጠፍ። 2.5 ሜትሩን ከሌንሱ ጫፍ ሳይሆን በካሜራው አናት ላይ ካለው፣ ክብ መሃሉን መሥመር ከሚያቋርጠው ምልክት ጀምሮ በሜትር መለካት፤ የሴንሰሩ ቦታ እሱ ነው። አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ በስክሪኑ አጉልቶ ፊደሉ ጥርት እስኪል ቀለበቱን ማዞር። ከዚያ ቀለበቱ የቆመበት ላይ በነጭ ቀለም ነጥብ ማድረግ፣ ለ1.5 እና ለ4 ሜትርም እንዲሁ። የፋብሪካውን ቁጥር ከዚያ በኋላ አለማንበብ።